ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ፦ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ታሪክ



ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ ብትከፍቱ ጅዳን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በቀጥታ መስመር ላይ ልትሆን ጥቂት ሲቀራት ታገኟታላችሁ። አውሮፕላን ይህን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል። ሱብሒን እዚህ ሰግዶ ለዙህር እዚያ መድረስ ይቻላል። ቀደምቶቻችን ግን ይህን ርቀት በሰዓት አልቆጠሩትም።

እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች የቁረይሾችን ግፍ ሸሽተው ከመካ በድብቅ ወጡ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ) አብረው ነበሩ። ከጅዳ በስተደቡብ በምትገኘው የሹዐይባ ወደብ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን የጉዞው ዋጋ ግማሽ ዲናር ነበር። ቁረይሾች አሳድደው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ርቀዋል። ያ ባሕር ለሶሓቦቹ ጋሻ ሆናቸው። በሁለተኛው ሒጅራ የመጡት ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ወደ መዲና የተመለሱት በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ነው። ለመሻገር ቀናት፣ ለመመለስ ዓመታት!

ከዚያ በኋላ ባሕሩን ወዲያ ማዶ የሚሻገረው የሐበሻ ሐጃጅ ሆነ። የሐረር ሰው ወደ ዘይላዕ፣ የወሎ ሰው ወደ ታጁራ ወይም ወደ ምፅዋ በእግርና በግመል ይወርድና በጀልባ ይሻገራል። ዕዳውን ከፍሎ፣ ዐውፍ ተባብሎ፣ ተናዞ ነበር ከቤቱ የሚወጣው፤ መመለሱን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነውና። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ለአገራቸው ሐጃጆች መካ ላይ ማረፊያ ቤት ማዘጋጀታቸው የመንገዱን ክብደት ስለሚያውቁ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ! ያ የጥንቱ መንገድ ዛሬም አልተዘጋም። አውሮፕላኑ ከላይ ሲያልፍ፣ ከታች ወጣቶቻችን ከኦቦክና ከቦሳሶ በተጨናነቀ ጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ባበል መንደብ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ስሙን ብዙዎች «የእንባ በር» ብለው ይፈቱታል። ብዙዎች ሰጥመውበታል። የተረፈውም በጦርነት የደቀቀችውን የመንን በእግሩ አቋርጦ ነው የሳዑዲ ድንበር የሚደርሰው።

ኪሎ ሜትሩ ያው ነው። የሚያሳጥረውም የሚያስረዝመውም በእጅ ያለው ወረቀት ነው፦ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ሕጋዊ የሥራ ውል። «ሙሃጂሮቹስ በጀልባ ተሻግረው የለ?» የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ ይህን መልሱለት፦ እነርሱ የሄዱት ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ዘንድ መሆኑን አውቀው ነው። አንተ የምትሰደኝ ማን ዘንድ ነው? ማንስ ይቀበለኛል?

አላህ በባሕርና በበረሃ የቀሩትን ይዘንላቸው፤ በመንገድ ላይ ያሉትንም በሰላም ለቤታቸው ያብቃቸው። አሚን!