አናጂና እንዴት ድሬ ሼክ ሁሴን ሆነች

ከጂንካ ወደ ኮንሶ የሚጓዝ ሰው ቀይ አፈር ሲደርስ የከተማዋ ስም ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ጫማውን ማየት ይበቃዋል። ሐሙስ ሐሙስ በና፣ ፀማይና አሪ የሚገናኙባት ይህች የገበያ ከተማ በአፈሯ ተጠርታ ቀርታለች። ከዚያ ቁልቁል ወደ ደቡብ ያለው ጨው ባሕርም ስሙ ጠባዩ ነው። ሆኖም አንድ ጊዜ ሌላ ስም ተለጥፎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ካውንት ቴሌኪና ጓደኛው ፎን ሆነል ከደቡብ ወጥተው ሁለቱን ሐይቆች ባዩ ጊዜ ትልቁን በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ “ሩዶልፍ”፣ ትንሹን በሚስቱ “ስቴፋኒ” ብለው ካርታ ላይ አሰፈሩ። ልዑሉ ዓመት ሳይሞላ ሞተ፤ ዘውዱም በ1918 ወደቀ። ዛሬ ትልቁ ሐይቅ ቱርካና ነው፤ ትንሹም ያው ጨው ባሕር። በእኛም አገር ቢሆን በሹም የተሰየመ ቦታ ዕድሜው አጭር ነው፤ አሰበ ተፈሪ ጭሮ ሆና ተመልሳለች።

ይህን ያነሳሁት ከዚህ የተለየ ዕጣ ስለገጠማት አንዲት የገጠር መንደር ለማውራት ነው። አገናኙም መንገደኛ ነው። አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከበርበራ ተነስቶ ወደነዚሁ ሁለት ሐይቆች ሲያቀና፣ በ1894 መስከረም ላይ ባሌ ውስጥ ነጭ ኖራ የተቀባ መቃብር ያለባት መንደር ደረሰ። የምኒልክ ሹማምንት ወደ ምዕራብ እንዳያልፍ ከለከሉት። ተመልሶ በደቡብ በኩል በቦረና ዞሮ በሚቀጥለው ዓመት ጨው ባሕርንና ቱርካናን አየ። ያቺ መንደር በመጽሐፉ ውስጥ “ሼክ ሁሴን” ተብላ ነው የምትገኘው። ለሐይቆቹ የተጠቀመባቸው ስሞች ሲያረጁ የመንደሯ እንዳለ ነው።

መንደሯ ዛሬ በምሥራቅ ባሌ፣ በጎሎልቻ ወረዳ፣ ከዋቢ ሸበሌ ወዲህ ትገኛለች። የጥንት ስሟ አናጂና ነው። አሁን ድሬ ሼክ ሁሴን ትባላለች፤ ለዚያራ፣ ማለትም መቃብሩን ለመሳለም የሚመጣው ሰው ደግሞ አሳጥሮ “ድሬ” ይላታል። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ፣ ገላጣ መሬት ማለት ነው። ሐረር አጠገብ ያለችው ድሬ ጥያራ ስሟን ያገኘችው አውሮፕላን ከሚያርፍበት ሜዳ ነው። ያንን ወግ ብንከተል መሐል ከተማዋ ለብዙ ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ የኖረባት፣ በረራ በሌለ ጊዜ ከብት ይግጥባት የነበረችው ጂንካም “ድሬ ጥያራ” መባል በተገባት።

ሰውየውስ ማን ነበሩ? ስማቸው ሼክ ኑር ሁሴን ኢብን ኢብራሂም ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት እንደኖሩ፣ በዚያው በአናጂና እንደተወለዱ፣ እስልምናንም በአካባቢው እንዳስፋፉ ይተረካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠቁም። አማርኛ አንባቢን “ሼህ ሁሴን” ሲባል ወዲያው ትዝ የሚሉት የወሎው ባለትንቢት ሼህ ሁሴን ጅብሪል ናቸው። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት አለ።

የባሌው ሼክ ሲኖሩ አገሩ የዛሬው አገር አልነበረም። አል ዑመሪ የተባለው የ14ኛው መቶ ዓመት ጸሐፊ ከኢፋት፣ ከደዋሮና ከሐዲያ ጋር ከሚቆጥራቸው ሰባት የሙስሊም ግዛቶች አንዱ ባሌ ነው። ገበያው በገንዘብ ሳይሆን በልውውጥ እንደነበር፣ ምድሩም ለም እንደሆነ ጽፏል። ግዛቱ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ለማዕከላዊው መንግሥት ገባር ሆነ። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ ጦርነት አለፈበት። አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ እንደጻፈው ደግሞ የኦሮሞ መስፋፋት መጀመሪያ የደረሰው ባሌ ላይ ነው። ያኔ የአካባቢው ቋንቋ ተቀየረ፣ አስተዳደሩ ተቀየረ፣ ሱልጣኑም ቀረ።

የስሙ ታሪክ የሚጥመኝ እዚህ ላይ ነው። አዲስ የመጣ ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ ለያዘው አገር የራሱን ስም ያወጣል። እዚህ ግን ኦሮሞው የሼኩን ስም ሳይነካ ከፊቱ የራሱን ቃል ጨመረበት። በእኔ ግምት ይህ የሆነው የሼኩ መቃብር ለኦሮሞው ባዕድ ስላልመሰለው ነው። አስቀድሞም በየስምንት ዓመቱ ወደ ሃይማኖት መሪው ወደ አባ ሙዳ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚጓዝ፣ ተመርቆ ተቀብቶ የሚመለስ ሕዝብ ነበር። በትር ይዞ እየዘመረ፣ በየደረሰበት እየተስተናገደ የሚሄድ የዚያራ መንገደኛ ለእሱ የቆየ ልማድ ነው።

ዛሬም መንገደኛው በበትሩ ይለያል። ጫፏ ባላ የሆነች ቀጭን በትር ናት፤ “ኡሌ ሼክ ሁሴን” ትባላለች፤ የሼክ ሁሴን በትር ማለት ነው። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከሸዋ፣ ከሱማሌ ወገን በትሯን ይዞ የሚመጣ ሰው በየመንደሩ ውኃና ማደሪያ አይከለከልም። ድሬ ሲደርስ ከግቢው በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። የቁባው፣ ማለትም በመቃብሩ ላይ የተሠራው ጉልላታማ ቤት በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ሀብታምም ድኃም። ከመቃብሩ ዙሪያ የሚገኘውን “ጃዋራ” የሚባል አፈር ግንባሩ ላይ ይቀባል፣ ጥቂቱን ቋጥሮ ለቤት ይወስዳል፤ መድኃኒት ነው ይላል። ሌሊቱን በውዳሴ ያድራል። ይህን ጨርሶ ወዲያው የማይመለስም አለ፤ ከድሬ ወጥቶ ወደ ካጨምሳሬ ዋሻዎች ይወርዳል። እዚያ እያንዳንዱ ዋሻና ድንጋይ የራሱ ታሪክ አለው።

መቃብሩ የዛሬ መልኩን ያገኘው ቆይቶ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ሼክ መሐመድ ቲልማ ቲልሞ ቦታውን እንዳቀኑት ይነገራል፤ ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር አብዱልሸኩርም ለሼኩ ክብር ቁባ እንዳሠሩ ይወሳል። ስሙ ከባሌ ወጥቶ ሐረር ደርሶ ነበር ማለት ነው። በ1927 ደግሞ ገድላቸው “ረቢዕ አል ቁሉብ” በሚል ርእስ ካይሮ ላይ በዐረብኛ ታተመ።

በጎረቤትም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የዌብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ብዙ ሰው በውበቱ ያውቀዋል። ስያሜው ግን ከሼክ ሁሴን ጋር ስማቸው ከሚነሳው፣ ዋሻውን መስገጃ አደረጉት ከሚባሉት ሼክ ሶፍ ዑመር የመጣ ነው። እንግዲህ በባሌ ምሥራቅ አንዱ ሜዳ፣ አንዱ ዋሻ በወልዮች፣ በቅዱሳን ሰዎች ስም ተይዟል።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃውሞ የቆየ እንዳይመስል። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ በባሌ የተጠናከረው የሰለፊያ አስተምህሮ መቃብር መዘየርንና ከወልይ ምልጃ መጠየቅን አጥብቆ ይቃወማል። በአንድ ቤት አባት በትሩን ይዞ ሲነሳ ልጅ “ይህ ሽርክ (በአላህ ማጋራት) ነው” ብሎ የሚከራከርበት ዘመን መጥቷል። ክርክሩ የሃይማኖት ነው፤ ለዳኝነቱም ዑለማዎቹ አሉ። እኔ የማየው ከስሙ አንጻር ነው። ዚያራውን የሚነቅፈውም ሆነ የሚወደው፣ መንደሯን ሲጠራ የሚጠቀመው ያንኑ ስም ነው። በ2011 ኢትዮጵያ ለዩኔስኮ ያቀረበችው የዓለም ቅርስ ዕጩዎች ዝርዝርም የያዘው ይህንኑ ስም ነው።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሐጅ ወር ለዐረፋ እና በረቢዕ አል አወል፣ የመንደሯ ነዋሪ ከእንግዳው ቁጥር ያንሳል። ክርስቲያኑም ስለቱን ይዞ ይመጣል። በየዛፉ ሥር ድንኳን ይተከላል፣ ዳሱ ይጣላል፣ ከብቱ ይታረዳል፤ ሜዳው ድሬ የተባለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ያየ ሰው አይጠይቅም።