ዶልቢ እና ኢኩዋላይዜሽን (ካሴት)

ዶልቢ እና ኢኩዋላይዜሽን በካሴት ላይ ቀጭን ድምፅን የሚያስተካክሉ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ናቸው። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካሴት ክሩ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሰፋም፤ በሰከንድም 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ከዘፈኑ ሥር «ሽሽ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶልቢ ቢ ዝግ ያሉትን ቀጭን ድምፆች ሲቀዳ ከፍ አድርጎ፣ ሲያጫውት በዚያው ልክ ይቀንሳቸዋል፤ «ሽሽ» የሚለውም አብሮ በ10 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ኢኩዋላይዜሽን ግን እንደ ክሩ ዓይነት ይለያያል፦ ለተራ ካሴት 120፣ ለክሮም 70 ማይክሮ ሰከንድ። በ120 የተቀዳ በ70 ቢጫወት ቀጭኑ ድምፅ እስከ 4.7 ዴሲቤል ይጎድላል።

በኢትዮጵያ ካሴት ሸክላን የተካው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን፣ ካይፋን የመሰሉ የአዲስ አበባ አሳታሚዎች ብዙ ሥራ የቀረው በክር ነው። የኃይሉ መርጊያ የ1985 እ.ኤ.አ. የአኮርዲዮን አልበም በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም የታተመው አንድ ካሴቱ ባሕር ዳር ውስጥ በመገኘቱ ነው። ካሴት ከካሴት ሲባዛ ችግሩ ይብሳል፤ የቅጂው «ሽሽታ» ከምንጩ ጋር እኩል ከሆነ ድምሩ በ3 ዴሲቤል ያድጋል።

ያለ ዶልቢ በተቀዳ ካሴት ላይ ዶልቢን መክፈት ጸናጽሉን ያፍናል። በዶልቢ የተቀዳውን ሳይከፍቱ ማጫወት ደግሞ ቀጭኑን ያጎላል፤ ክሩ ለደከመ ካሴት ብዙዎች የሚመርጡት ይህንን ነው። የቴፑ ሄድ ከተንጋደደ ግን ዶልቢ የጎደለውን ቀጭን ድምፅ ይበልጥ ስለሚቀንስ፣ ወደ ዲጂታል ከመገልበጥ በፊት ሄዱን በብሎኑ ማቅናት ይቀድማል።