ሩቤላ በኩፍኝ ስም

በጊዳ አያናም ሆነ በነቀምቴ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ሕፃን ሲታይ አስቀድሞ የሚታሰበው ኩፍኝ፣ በኦሮምኛ «ጊፊራ» ነው። ሩቤላ በዚህ ስም ተሸፍኖ ኖሯል፤ ሕመሙ ቀላል፣ ሽፍታውም በሦስት ቀን ገደማ የሚጠፋ ነውና ብዙም አላሳሰበም።

ይህን ግምት የለወጠው አውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የዓይን ሞራ ይዘው ስለተወለዱ 78 ሕፃናት ሲዘግብ፣ የ68ቱን እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር አሳወቀ። ቫይረሱ በ1962 ተለየ፤ ክትባቱ በ1969 በአሜሪካ ተፈቀደ።

በኢትዮጵያ የሩቤላ መስፋፋት ጎልቶ የታየው በኩፍኝ ቅኝት አማካይነት ነው፤ ኩፍኝ ያልተገኘበት የደም ናሙና ለሩቤላ ሲመረመር ቆይቷልና። ስለዚህ «ኩፍኝ አይደለም» የሚለው ውጤት የጉዳዩ ፍጻሜ ሊሆን አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በሩቤላ የተያዘች እናት መስማት የተሳነው፣ ዓይኑ በሞራ የተጋረደ ወይም የልብ ጉድለት ያለበት ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ስለሆነም ከጆሮ ኋላ ያበጡ ንፍፊቶችን መዳሰስ፣ ነፍሰ ጡሮችን ከታማሚው ማራቅ፣ ክትባቱን ከእርግዝና በፊት እንጂ በእርግዝና ጊዜ አለመስጠት ያሻል። የዓይን ሞራ ይዞ የተወለደ ሕፃን ሲመጣም፣ ግሬግ እንዳደረገው እናቲቱን ስለ እርግዝናዋ ወራት መጠየቅ የጤና ባለሙያው ግዴታ ነው።