የያሬድ ኦፔራና የከያኒው ኑሮ

የኪነ ጥበብን ታሪክ ስንመረምር ምን ተሠራ ብለን እንጠይቃለን፤ ከያኒው በምን ኑሮ ላይ ሆኖ ሠራው ብለን የምንጠይቀው ግን ከስንት አንዴ ነው። የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ የሕይወት ጉዞ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ያስነሣል።

እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ የተወለዱት አቶ ሙላቱ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ዝንባሌያቸው ወደ ሙዚቃ ስላደላ በለንደንና በቦስተን ተምረው የሀገራቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሐዱ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን የሌሊት መድረኮች ሲያዳክም ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ እርሳቸው ግን በሀገራቸው ቆዩ።

እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም የምርምር ዕድል ሲያገኙ፣ «የያሬድ ኦፔራ» በተሰኘው ድርሰት ላይ ሠሩ። መነሻው በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም የነበረው፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ያወረሰን ማሕሌታይ ነው። የካህናቱ መቋሚያ ከአውሮፓው የኦርኬስትራ መሪ ዘንግ ይቀድማል ሲሉም ይከራከራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያው ለሕዝብ የቀረበው የኦፔራው ከፊል ብቻ ነበር። ለያሬድ ድርሰት የሚሆን ጊዜና ጸጥታ በ64 ዓመት ዕድሜ፣ ከያሬድ ሀገር ውጭ መገኘቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ገጣሚ ወረቀትና ብዕር ይበቃዋል፤ የኦፔራ ደራሲ ግን ድምፃውያን፣ ኦርኬስትራ፣ የልምምድ አዳራሽና ከዕለት እንጀራ ሐሳብ የሚያሳርፍ ገቢ ያሻዋል። ዛሬ በንፋስ ስልክ ዜማ የሚቀምር ወጣት ይህን ሁሉ በሀገሩ ካላገኘ፣ ድርሰቱ ከከፊል አያልፍም።