ሦስቱ የስኩታሪ መዝገቦች

በስኩታሪው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል የሞተውን ወታደር የሚቆጥሩ መዝገቦች ሦስት ነበሩ፦ የቀብር ዝርዝር፣ የሐኪሞች ሪፖርትና የጦሩ ጽሕፈት ቤት ሰነድ። የሦስቱ ድምር አይገጥምም። በአንዱ ሞቶ የተቀበረው በሌላው ላይ ስሙ የለም። የክራይሚያ ጦርነት (1853–1856፤ ዓመቶቹ እዚህ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ ጉድ አሳይቷል፤ ይህን የመዝገብ መዝረክረክ ግን ከልቧ የያዘችው አንዲት ነርስ ናት።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ነርሶች አስከትላ ኖቬምበር 4 ቀን 1854 ከኢስታንቡል ማዶ፣ ስኩታሪ ላይ ሆስፒታል ከሆነው ከግዙፉ የሰሊሚዬ ጦር ሰፈር ደረሰች። ሐኪሞቹ አልፈለጓቸውም። እሷም ሐኪም ሳይጠራችሁ አንድም በሽተኛ እንዳትነኩ ብላ ነርሶቹን ትራስ ስታሰፋ፣ ፋሻ ስታዘጋጅ ሰነበተች። በደረሰች ማግስት ክራይሚያ ውስጥ ከሩሲያ ጋር የኢንከርማን ውጊያ ሆኖ ነበር። ቁስለኛው በመርከብ ሲጎርፍ ሐኪሞቹ ኩራታቸውን ውጠው ጠሯቸው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ ነው። ታይምስ ጋዜጣ ከአንባቢዎቹ ባሰባሰበው ገንዘብ ሸሚዝ፣ ካልሲና የወለል መፈግፈጊያ ብሩሽ ተገዛ። ቤት ተከራይታ፣ የወታደር ሚስቶች ቀጥራ፣ ልብስ በፈላ ውሃ የሚታጠብበት ስፍራ አቋቋመች። ማታ ማታ ፋኖስ ይዛ በበሽተኞቹ መካከል ትዞራለች፤ ጋዜጦቹ የወደዱት ይህንን ነው።

ሞቱ ግን ባሰ።

በፌብሩወሪ 1855 ስኩታሪ ከሚታከሙት መቶ ወታደሮች 42ቱ ያህል ይሞቱ ነበር። አብዛኛውን የፈጀው የሩሲያ ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፣ ኮሌራና ተስቦ ነው። በማርች የለንደን መንግሥት የላከው የንጽህና ኮሚሽን መጣ፤ ከአባላቱ ዶክተር ጆን ሰዘርላንድና መሐንዲሱ ሮበርት ሮሊንሰን ይገኙበታል። ሰዎቹ ወደ አልጋዎቹ ሳይሆን ወደ ወለሉ ሥር ተመለከቱ። ሕንፃው የቆመው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነው፤ የመጠጡ ውሃ በሚያልፍበት መስመር ውስጥ ደግሞ የፈረስ ጥንብ ተገኘ። ቦዩ ታጠበ፣ ቆሻሻው በጋሪ በጋሪ ተጋዘ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ የታፈነው ክፍል አየር አገኘ። በጁን የሟቹ ቁጥር ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ናይቲንጌል በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ ዝናዋ ቀድሟት ነበር። እሷ ግን ሰልፉንም ግብዣውንም ሸሽታ፣ በእንግሊዝ ሞትና ልደት መዝገብ ቤት ይሠራ ከነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ከዊልያም ፋር ጋር ቁጥር ላይ ተቀመጠች። በ1858 ያወጣችው ሥዕላዊ መግለጫ አሥራ ሁለቱን ወራት እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ በክብ ይደረድራል፤ ሰማያዊው መከላከል ይቻል በነበረ በሽታ የሞተው፣ ቀዩ በቁስል የሞተው፣ ጥቁሩ የቀረው ነው። የጃንዋሪ 1855ን ቁራሽ ብቻ ማየት ይበቃል፦ በበሽታ 2,761፣ በቁስል 83። የማንበብ ትዕግሥት የሌለው ሚኒስትር እንኳ ይህን ሥዕል አይቶ አልገባኝም ሊል አይችልም፤ ዓላማዋም ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ መረጣት።

ሂዩ ስሞል የተባለ ጸሐፊ በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ የጠነከረ ነገር ይላል። በእሱ አባባል ናይቲንጌል ስኩታሪ ሳለች ሰው የሚያልቀው በረሃብና በድካም ተዳክሞ ስለሚመጣ ነው ብላ ታምን ነበር፤ ቦዩ ራሱ ገዳይ እንደነበር የነገራት በኋላ ከፋር ጋር የመረመረችው ቁጥር ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን አተረጓጎም አይቀበሉትም። ክርክሩ የትም ይድረስ የት፣ እሷ ራሷ የሠራችበትን ሆስፒታል የሚያጋልጥ አሃዝ አደባባይ ማውጣቷ አይካድም፤ ጀግና ተብሎ ለተዘመረለት ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

የሚገርመው፣ መነሻ ሐሳቧ የተሳሳተ ነበር። በሽታ ከቆሻሻ በሚነሳ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ከሚያምኑት ወገን ናት፤ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የሚለውን ለብዙ ዓመታት ተጠራጥራዋለች። ቁጥሩ ግን ምክንያቱን በትክክል ባታውቀውም መድኃኒቱን አሳያት።

ዛሬ በብዙ አገር ተመራቂ ነርሶች በስሟ ቃል ኪዳን ይገባሉ፤ ቃሉን ግን በ1893 ዲትሮይት ውስጥ ያዘጋጁት ሌሎች ናቸው። እሷ የደከመችበት ነገር ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ሆስፒታል የገባውን፣ የዳነውን፣ የሞተውንና የበሽታውን ዓይነት በአንድ መልክ የሚሞላበት ቅጽ። በ1860 ለንደን ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ሐሳቧን ተቀበለው፤ አንዳንድ የከተማይቱ ሆስፒታሎችም ሞከሩት። ቅጹ የሚጠይቀው ዝርዝር ብዙ፣ ሥራውም አድካሚ ነበርና ሙከራው ሩቅ አልሄደም።