ተስፋውን ሳያዩ ስላረፉት

ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበረ፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተመልሰው የገቡት በዚያው ዕለት በ1933 ዓ.ም. ነው። ከተማይቱን ከመርገጣቸው በፊት በእንጦጦ ማርያም ለእግዚአብሔር ምስጋና አቀረቡ።

ነገር ግን ያን ቀን ሳያዩ ያለፉ ብዙዎች ናቸው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ደግሞ በግራዚያኒ ትእዛዝ ከ400 የሚበልጡ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ፤ ይህም ገዳዮቹ ራሳቸው የጻፉት ቍጥር ነው። እንግዲህ እግዚአብሔር ለእኛ የታመነ፥ ለእነርሱ ግን ያልታመነ ሆነን? አይደለም፤ ኪዳኑ ከተማ ለመግባት ብቻ የተሰጠ አይደለምና። አበ ብዙኃን አብርሃምም የተስፋይቱን ምድር ሳይወርስ በኬብሮን የመቃብር ቦታ ብቻ በ400 ሰቅል ብር ገዝቶ አረፈ፤ ያም መቃብር የርስቱ መጀመሪያ ሆነለት።