ዘውግ ወይስ አሠራር? የዳርክስሮን የ2024 አልበም እና የብላክ ሜታል አንጋፋነት

የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2020 ኦስሎ ውስጥ ለከፈተው ቋሚ ኤግዚቢሽን ከመረጣቸው የአገሪቱ ቅርሶች አንዱ በ1992 የወጣው «ኤ ብሌዝ ኢን ዘ ኖርዘርን ስካይ» የተሰኘ አልበም ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አልበሙ የብላክ ሜታል ነው፤ ከሮክ ከተወለዱት ዘውጎች መካከል ለጆሮ እጅግ ሸካራው፣ ሲበዛ ጨለማ ወዳዱ። ዳርክስሮን የተባለው ባንድ ይህን ሥራ ሲቀርጽ አባላቱ ሃያ ዓመት ዕድሜ ላይ ገና የሚደርሱ ወጣቶች ነበሩ። ለብዙ ባንዶች እንዲህ ያለ ክብር የጉዞው ማብቂያ በሆነ ነበር። ዳርክስሮን ግን ከዚያ ወዲህ እስከ 2024 ድረስ ሦስት አልበሞች አውጥቷል፤ የሦስተኛው ስም «ኢት ቤከንስ አስ ኦል» ይባላል፣ የወጣውም በሚያዝያ 2024 ነው።

አንጋፋ የብላክ ሜታል ባንድ አዲስ ሥራ ባወጣ ቁጥር ገምጋሚዎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ወደ ቀድሞው ድምፅ ተመልሷል ወይስ ከድቶታል? የዚህ ጽሑፍ ክርክር ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው የሚል ነው። ዳርክስሮን ከሠላሳ ዓመት በላይ ያቆየው አንድ የሥራ ልማድ ነው። ድምፁ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ አሠራሩ ግን ከአንድ ምርጫ ፈቀቅ አላለም። ምርጫው ምን እንደሆነ ለማየት ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል።

ብላክ ሜታል ስሙን ያገኘው ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው አልበም ነው። ድምፁን ግን ያዋቀሩት ይበልጡን የስዊድኑ ባቶሪ፣ የስዊዘርላንዶቹ ሄልሃመርና ሴልቲክ ፍሮስት ናቸው። የኖርዌይ ወጣቶች እነዚህን የሰሟቸው በፖስታ በሚላላኩት፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ በሚዞር ካሴት ነበር። የካሴትን ዘመን ያየ አንባቢ ቅጂ ከቅጂ ሲወሰድ ድምፅ ምን እንደሚሆን ያስታውሳል፦ ጥራቱ ይጠፋል፣ የካሴቱ ሽውታ ይገዝፋል፣ ዘፋኙም ከግድግዳ ወዲያ የሚጮህ ይመስላል። ይህን ጉድለት ውበት ብሎ የተቀበለ ትውልድ ነው የኖርዌይን ብላክ ሜታል የፈጠረው።

ዳርክስሮን ግን ከዚያ አልጀመረም፤ ክርክሬም የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው አልበም «ሶልሳይድ ጆርኒ» በ1991 ሲወጣ ዴዝ ሜታል የተባለው ሌላ የሜታል ዘውግ ሥራ ነበር። የተቀረጸው በስቶክሆልም ሰንላይት ስቱዲዮ ሲሆን፣ ቦታው በጊዜው የስካንዲኔቪያ ዴዝ ሜታል ዋና መናኸሪያ ነበር። ጊታሩ ወፍራም ነው፣ ከበሮው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የተጫዋቾቹም ችሎታ ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ሠፈራቸው ስቱዲዮ ገብተው ሁለተኛውን ሲቀርጹ ይህን ሁሉ ጣሉት። ጊታሩ ቀጭንና ስል ሆነ፤ ቤዙ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ድምፃዊው ከማጉረምረም ወደ ማንቋረር ተሻገረ። አሳታሚያቸው ፒስቪል የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በሰማው ነገር ደንግጦ ድምፁ ተመልሶ እንዲስተካከል ጠየቀ። እነሱም እንዳለ ካልወጣ ለሌላ አሳታሚ እንሰጣለን ብለው ቆሙ፤ እንዳለም ወጣ። ስለዚህ የዚያን አልበም ሸካራነት ከገንዘብ ወይም ከችሎታ ማጣት የመጣ አድርጎ ማንበብ ታሪኩን መዝለል ነው። ጥሩውን ስቱዲዮ አይተውታል፤ አይተውም ትተውታል። ሮስ ሄገን የተባለው የሙዚቃ ተመራማሪ በ2020 ለዚህ አንድ አልበም ሙሉ መጽሐፍ መስጠቱ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይበልጥ ጽንፈኛ ነው። በ1994 በወጣው «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» መሣሪያዎቹን ሁሉ የተጫወተው ፌንሪዝ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ከበሮ መቺው ዩልቬ ናገል ብቻውን ነው። የቀረጸውም በቤቱ፣ አራት መስመር ብቻ በሚይዝ የካሴት መቅረጫ ነው። ጓደኛው ቴድ ሼሉም፣ በመድረክ ስሙ ኖክተርኖ ኩልቶ፣ ድምፁን ጨመረበት። አልበሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በአንድ ዓይነት ምት ይሄዳል፤ ጊታሩ ሁለት ሦስት ሐረጎችን እየደጋገመ ያጠነጥናል፤ ሰሚው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለውጥ መጠበቁን ይተዋል። ድግግሞሽን እስከዚህ የገፋ ሥራ በሮክ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ስለዚህ አልበም ሲጻፍ ግን ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በሽፋኑ ጀርባ ሙዚቃውን ከ«አርያን» ዘር ጋር የሚያቆራኝ ሐረግ ታትሞ ነበር። ባንዱ ያሰራጨው መግለጫም አይሁዶችን የሚዘልፍ ቃል ነበረበት። የአራት ዘፈኖች ግጥም ደግሞ የተጻፈው በነፍስ ግድያና በአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ በ1994 የሃያ አንድ ዓመት እስራት በተፈረደበት በሙዚቀኛው በቫርግ ቪከርነስ ነው። ጊዜው እጅግ የከፋ ነበር። በበርገን አጠገብ የነበረው፣ ከአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 1992 ተቃጥሏል። የሜይሄም ባንድ ጊታሪስት ዩሮኒመስ ነሐሴ 1993 በቪከርነስ እጅ ተገድሏል። ዳርክስሮን ኋላ ላይ ይቅርታ ጠይቋል፤ ሐረጉም ከሽፋኑ ወጥቷል። ለታቦትና ለቤተ መቅደስ ክብር ባደገ አንባቢ ዘንድ ይህ ታሪክ ሙዚቃውን ገና ሳይሰማ በሩን ሊዘጋው ይችላል፤ ቢዘጋውም አልወቅሰውም። ኪት ካን ሃሪስ በ2007 ባሳተመው የጽንፈኛ ሜታል ጥናቱ፣ የዚህ ማኅበረሰብ አባላት ፖለቲካን እያወቁ እንዳላወቁ የሚያልፉበትን ልማድ በዝርዝር አሳይቷል። «እኛን የሚመለከተን ሙዚቃው ብቻ ነው» የሚለው መልስ የዚያ ልማድ ምሳሌ ነው። የዳርክስሮንን የኋለኛ ሥራ በምናደንቅበት ጽሑፍ ውስጥ ይህን መተው ራሱ ልማዱን መቀጠል ይሆናል።

ካን ሃሪስ ያነሣው ሌላ ነጥብ ደግሞ ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። በእሱ አስተያየት የጽንፈኛ ሜታል ሰዎች ከተለመደው ኑሮ የሚያፈነግጠውን ስሜት የሚያገኙት ያንኑ ተራ ኑሮ ሳይለቁ ነው። የዳርክስሮንን ሁለት ሰዎች ያህል ይህን የሚያስረዳ የለም። ፌንሪዝ ለረጅም ዓመታት በፖስታ አገልግሎት ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ኖክተርኖ ኩልቶ በመምህርነት። ባንዱ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣም፤ በየበጋው በአውሮፓ ፌስቲቫሎች የሚቀርብለትን ገንዘብም አይነካም። ሠፈራቸው ኮልቦትንም ቢሆን አንዳንዱ አድናቂ እንደሚያስበው በጫካና በበረዶ የተዋጠ የምሽግ አገር አይደለም፤ ነዋሪው ጠዋት በባቡር ወደ ኦስሎ ሥራ ሄዶ ማታ የሚመለስበት ከተማ ቀመስ ሠፈር ነው። ፌንሪዝ ድመቱን ታቅፎ «አትምረጡኝ» በሚል የተነሣው ፎቶ የምርጫ ቅስቀሳ ሆኖለት፣ ከሊበራል ፓርቲው ወገን የአካባቢው ምክር ቤት ተጠባባቂ አባል ሆኖ መመረጡን ራሱ በሣቅ ተናግሯል።

እነዚህን እንደ ቀልድ ብቻ ማሳለፍ አይገባም። በሙዚቃው የማይተዳደር ባንድ ለአድናቂው የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። መድረክ የማይወጣ ባንድ አሮጌ ዘፈኖቹን በየምሽቱ እንዲደግም አይገደድም፤ ስለዚህ አሮጌው ዘፈን አዲሱን አይጫነውም። በዘመኑ የነበሩ ሌሎች የኖርዌይ ባንዶች የ1990ዎቹን አልበሞቻቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረክ ላይ እያቀረቡ ሲዞሩ፣ እነዚህ ሁለቱ በልምምድ ክፍላቸው ለራሳቸው ጆሮ ይጫወታሉ። የሥራ ክፍፍላቸውም ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የየራሱን ዘፈኖች ያመጣል፣ አልበሙም ከሁለቱ ድርሻ ይሞላል። ከ2006 ጀምሮ ወደ ፐንክና ወደ 1980ዎቹ ሄቪ ሜታል ሲያዘነብሉ ብዙ አድናቂ አኩርፏል፤ እነሱ ግን ያኮረፈውን ለመመለስ የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። ከላይ አሠራር ያልኩት ይህን ነው።

ሃያሲው ኤድዋርድ ሰይድ ከሞተ በኋላ በ2006 በታተመው መጽሐፉ፣ የፈላስፋውን የአዶርኖን የቤቶቨን ትንተና ተከትሎ፣ የአርቲስት «የኋለኛ ስልት» ሁልጊዜ የበሰለና የታረቀ እንዳልሆነ ይከራከራል፤ አንዳንዱ ወደ መጨረሻው ይበልጥ እምቢተኛ፣ ይበልጥ የተሰባበረ ይሆናል ይላል። የሜታል ጸሐፊዎች ይህን ሐሳብ ቢያገኙ እንደሚወዱት አልጠራጠርም። ለዳርክስሮን ግን በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። እምቢታው አለ፤ ሰይድ የሚያየው የሞት ጥላ ግን የለም። የዳርክስሮን የኋለኛ ዘመን ከሁሉ በላይ ደስታ ይነበብበታል፤ ሁለት የሃምሳ ዓመት ሰዎች በልጅነት የወደዱትን ሙዚቃ ያለ ሃፍረት የሚጫወቱበት ዘመን ነው።

«ኢት ቤከንስ አስ ኦል» ሰባት ዘፈኖች አሉት። የተቀረጸው ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለቱ፣ «ኢተርናል ሄይልስ» (2021) እና «አስትራል ፎርትሬስ» (2022)፣ በተቀረጹበት በኦስሎው ቻካ ካን ስቱዲዮ ነው። እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምጸት አለ። በካሴት መቅረጫ የታወቁት ሰዎች ለዓመታት በራሳቸው መሣሪያ ከሠሩ በኋላ፣ ወደ ባለሙያ ስቱዲዮ የተመለሱት በሃምሳ ዓመታቸው ገደማ ነው። ይህን «ክህደት» ለሚለው መልሱ ከላይ ተሰጥቷል፤ በ1991ም የተመረጠው ድህነት አልነበረም፣ የራስን ድምፅ በራስ መወሰን ነበር። በአዲሱ አልበም ላይ ያለው ድምፅ ሰፊና ሞቅ ያለ ነው። ከበሮው አጠገባችን ያለ ያህል ይሰማል፣ ጊታሩ ግን አሁንም የመፋቅ ጠባይ አለው። ምቱ መካከለኛ ወይም ዘገምተኛ ሲሆን፣ የ1994ቱ ፍጥነት የለም ማለት ይቻላል። ዱም ሜታል የተባለው ዘገምተኛ ዘውግ ክብደትና የድሮው ሄቪ ሜታል ዜማ ተቃቅፈው ይሄዳሉ፤ ሲንተሳይዘርም እዚህም እዚያም ብቅ ይላል።

ስለ ጊዜ ያላቸውን አመለካከት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ሁለተኛው ዘፈን «ኢየን 3» ነው። የ1991ዱ የመጀመሪያ አልበም የሚዘጋው «ኢየን» በተባለ፣ ድምፃዊ በሌለበት ቁራጭ ነበር። «ኢየን 2» የመጣው ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2022ቱ አልበም መጨረሻ ላይ ነው። ሦስተኛው ወዲያው በሁለተኛው ዓመት ተከተለ። የሚገርመው የተመለሱበት ቦታ ነው፦ ቤተ መጻሕፍቱ ያከበረውን የብላክ ሜታል አልበም ዘልለው፣ ከእሱ በፊት ወዳለውና አድናቂው «ገና አልጀመሩም» ወደሚለው የዴዝ ሜታል ሥራቸው ሄደዋል። የባንዱ መነሻ የቱ እንደሆነ ተቋማት ወስነው ነበር፤ ባለቤቶቹ በርዕስ ብቻ ሌላ መነሻ አስታወሱ። ይህን ቀልድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን የአልበሙን ብልህ ውሳኔ እዚህ አየዋለሁ።

የአልበሙ ልብ ግን መዝጊያው ነው። «ዘ ሎን ፓይንስ ኦፍ ዘ ሎስት ፕላኔት» አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ዘውጉም ባንዱም ከለመደው የተለየ ጥያቄ ለሰሚው ያቀርባል። «ትራንሲልቫኒያን ሀንገር» ጊዜን ያቆመው በድግግሞሽ ነበር፤ ይህ ግን በዝግታና በመለዋወጥ ይዘረጋዋል። አንዱ የጊታር ሐረግ ለሌላው ቦታ ሲለቅ አይቸኩልም፤ ዜማ ጠባቂው ጆሮም ዋጋውን ያገኛል። «ዘ በርድ ፒፕል ኦፍ ኖርድላንድ» የተባለው ዘፈንም በሐረጎቹ ብዛትና በመገጣጠሚያዎቹ ድፍረት የሚጠቀስ ነው።

ድክመቱም ከዚያው ነፃነት ይመጣል። ለማንም የማይጫወት ሰው አርታኢ የለውም። በመካከል ያለው ድምፃዊ የሌለበት ቁራጭ፣ «ኤንድ ኢን ዛት ሞመንት አይ ኒው ዚ አንሰር»፣ ከጀመረው መንገድ ሩቅ አይሄድም። ሌላ ቦታ ሐረጎች በሚገባ ሳይተሳሰሩ ተከታትለው ይሰለፋሉ፤ አንዳንዶቹ እርስ በርስ የሚገናኙት በአንድ አልበም ላይ በመቀመጣቸው ብቻ ነው። «ጥሬነት ነው» የሚለው መከላከያ እዚህ አይሠራም፤ የ1992ቱ ጥሬነት እያንዳንዱ ክፍሉ ለምን እዚያ እንዳለ ያውቅ ነበርና።

ሚዛኑን ስናይ፣ ከሦስቱ የቻካ ካን አልበሞች መካከል «ኢተርናል ሄይልስ» በአምስት ዘፈኖቹ ይበልጥ የተቀናጀ፣ «አስትራል ፎርትሬስ» ይበልጥ ጨዋታ ወዳድ ነው። «ኢት ቤከንስ አስ ኦል» ከሁለቱም ያልተስተካከለ ቢሆንም በመዝጊያው ብቻ ይበልጣቸዋል። ባንዱን ከዚህ በፊት ያልሰማ አንባቢ በዚህ መዝጊያ ዘፈን ቢጀምርና ወደ 1992ቱ አልበም ከዚያ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል።